ተመስገን፣ ደህና ነኝ

እናቴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ ስታወራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የሩቅ ዘመድ የደወለላት ነው የመሰለኝ፤ ድምፅዋ እንደዚያ የሚለሰልሰው ለዘመድ ነዋ።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። አንተስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» ትላለች። ትንሽ ታዳምጥና ደግሞ፣ «እጄ? እየተሻለው ነው፣ ምን ይላል ብለህ… እበላለሁ እንጂ! ምን ቸግሮኝ… መራመዱንማ ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ… እሺ የኔ ልጅ፣ ስለጠየቅከኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ከዚያ ከድጋፍ መሥሪያ ቤት ነው። ደህንነቴን ሊጠይቅ የደወለ የተባረከ ልጅ» አለችኝ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር የተባረከውን ልጅ እኔም መርቄው ወጣሁ።

እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዛትም። እጇ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ይውላል፤ እግሯ ደግሞ ሰው ደግፎ ካላነሳው በቀር ከመሬት አይላቀቅም። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ጠዋት ወጥቼ ሲመሻሽ ነው የምገባው፣ ያውም እግሬ አብጦ፣ ምላሴ ስሎ። ኑሯችን የተቃናው መንግሥት ለእንደሷ ዓይነቱ ሰው የቤት ውስጥ ረዳት ይመድብ ስለነበር ነው። ረዳቷ እኔ ስወጣ ትገባለች። ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ መፀዳጃ ቤት ትወስዳታለች፣ የደነዘዘ እጇን ታሽላታለች፣ ከሰዓት በኋላ አመቻችታ አስተኝታት ትሄዳለች። እናቴ ስም አውጥታላታለች፤ ብርቱ ትላታለች። ብርቱ ትንሽዬ ሴት ናት፣ እናቴን ግን እንደ ትራስ ነው ብድግ የምታደርጋት።

መልእክቱ በእናቴ ስልክ ሲገባ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ብርቱ ባለችበት ነው። «በተደረገልዎት የስልክ ምዘና መሠረት ሁኔታዎ ተሻሽሎ ስለተገኘ የቤት ውስጥ ረዳት አገልግሎትዎ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ይቋረጣል» ይላል። ብርቱ ያጠፈችውን ፎጣ ዘርግታ መልሳ አጠፈችው።

«ከያዝኳቸው ቤቶች ግማሾቹ ተሰርዘዋል» አለች ቀስ ብላ። «እናንተን ግን ይነኳችኋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች እናቴ ከአልጋዋ።

«ተሽሎሻል ነው የሚለው። እንኳን ደስ አለሽ!» አልኳት። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ ቆሽቴ ሲያርር ደግሞ ማን ላይ እንደምጮህ አልመርጥም።

በዚያ ሰሞን አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ በጀት እንደጠበበ፣ ድጋፍ ለእውነተኛ ችግረኞች ብቻ መሰጠት እንዳለበት፣ በምዘናውም ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ መሻላቸውን በራሳቸው አንደበት እንዳረጋገጡ ሲያብራራ ነበር። ክራባቱ ያምር ነበር። እኔ ሳየው እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች ስልክ አንስተው ሲመርቁት ነው የታየኝ።

ከአሠሪዬ ፈቃድ ለምኜ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሰልፉ ከደረጃው ሥር ይጀምራል። የመስኮቱ መስታወት ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ለመናገር ማጎንበስ ግድ ነው፤ አቤት ባይ ሁሉ ሳይወድ እጅ ይነሳል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰውዬ ኮምፒውተሩን አየና፣ «በራሳቸው አንደበት ነው እኮ የተናገሩት፣ እህቴ» አለኝ። «ድምፃቸው ተቀድቷል። ደህና ነኝ ብለዋል፣ እበላለሁ ብለዋል፣ እራመዳለሁ ብለዋል።»

«ወንድሜ፣ አንተን ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምን ትላለህ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን እላለሁ።»

«ደህና ነህ?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «ወገቤን ያመኛል» አለ።

«ይኸዋ!»

ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ሳቀ። ሰውዬውም ሊስቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ ወዲያው ግን ፊቱን ሰብሰብ አደረገና «ተረኛ!» ብሎ ተጣራ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእናቴ «ተመስገን» አፋፉን አልፎ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ ማን ይመልሰው።

ፀጉር ቤት ስደርስ አንዲት ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ካስክ ጭንቅላቱ ላይ የሚያጉረመርምበት ሰው ካልጮኹለት አይሰማም። ምን እንዳቆየኝ ለእሷ ለማስረዳት ስጮህ ቤቱ በሙሉ ሰማ። የሥራ ባልደረባዬ፣ «ይህንን ለእኛ ከምትጮሂ ለሰው ሁሉ ጩኺው» ብላ ስልኬን መስታወቱ ሥር አስደግፋ ቪዲዮውን ከፈተችው። እኔም ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ በቅጡ ያወቅኩት በኋላ ራሴን ሳየው ነው።

«እናቴ ደህና ነኝ ያለችው ስለተሻላት አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነች ነው! እኛ እንዴት ነህ ስንባል ደህና ነኝ ነው የምንለው። ሬሳ እንኳ ቢጠየቅ ተመስገን ሳይል አይቀርም! ጨዋነታችንን ማስረጃ አድርጋችሁ ረዳታችንን ወሰዳችሁብን። ሁለተኛ ስትደውሉ እንዴት ነዎት ብላችሁ አትጠይቁ። ማን ነው የሚያጥብዎት? ማን ነው የሚያነሳዎት? እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ!»

ለቀቅኩትና የደንበኛዬን ፀጉር ከቢጎዲኑ ወደ መፍታቱ ተመለስኩ። ሥራ ጨርሼ ስልኬን ስከፍት የማላውቃቸው ሰዎች ገብተው ሞልተውታል። አንዱ «የእኔም አባት ደህና ነኝ ብሎ ነው የተቋረጠበት፤ አባቴ ዓይኑ አያይም» ይላል። አንዷ «አያቴ የደወለላትን ልጅ ስትመርቅ ስትመርቅ ሒሳብ አልቆባት ቀረ» ትላለች፤ የደወለው እሱ ሆኖ ሳለ የእሷ ሒሳብ እንዴት እንዳለቀ ግን እስካሁን አልገባኝም። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አነባለሁ፣ እስቃለሁ፣ እንባዬ ይመጣል። ብቻዬን የተቃጠልኩ መስሎኝ ነበር።

ሁላችንም በስልክ የምንገናኝበትን ግሩፕ የከፈተው ባትሪ ነው። ባትሪ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን፣ ሁላችንም ስንዝል እሱ ስለማያልቅበት። የመጀመሪያው የድምፅ መልእክቱ እንዲህ ነበር፦ «ጓዶች፣ ሰልፍ እንውጣ እንዳልል ግማሾቻችን ከአልጋ አንወርድም። ስለዚህ አልጋችንን ሰልፍ እናውጣው።»

ደንቡንም ያወጣው እሱ ነው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ቪዲዮ ይከፍትና ታማሚውን «እንዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው እውነቱን ይመልሳል። «ደህና» ማለት ክልክል ነው። ማመስገን የፈለገ መጨረሻ ላይ ያመስግን። መናገር የማይችል ይጽፋል፣ መጻፍ የማይችል ይናገራል፣ ሁለቱም የማይሆንለት የሌላውን ያጋራል። መጀመሪያ የለቀቀችው የመንታዎች እናት ናት። ባሏ «እንዴት ነሽ?» ሲላት ወደ ስልኩ ሳታይ፣ «ደህና አይደለሁም። አንዱ ልጄ ይሮጣል፣ አንዱ አንገቱ አይቆምም። ሁለቱንም እኩል ነው የምወዳቸው፤ የሚደክመኝ ግን እኩል አይደለም» አለች። ይህንን ያየ ሰው ሁሉ የራሱን ለቀቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት እውነት ነው፤ እኛ ግን ጌጥ ሳይሆን ጩኸት ነው የተካፈልነው።

እናቴ ይህንን ሁሉ አታውቅም ነበር። የእሷ ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ የለውም፤ እኔም ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አዘገየሁት። ጎረቤታችን ግን ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ በኩል፣ «ልጅሽን እኮ በስልክ አየኋት! እንዴት ያለች ጀግና ወልደሻል!» ብላት አረፈችው።

ስገባ እናቴ መብራት ሳይበራላት ተቀምጣለች።

«ሰው እንደሚያጥበኝ ለሕዝብ ተናገርሽ?»

«እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ገመናዬን አደባባይ አሰጣሽው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትዪ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«መድኃኒት የፈለገ ሰው ሐኪም ፊት ነው ልብሱን የሚያወልቀው እንጂ ገበያ መሃል አይደለም። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ይነቅዛል! ነቅዞ ይኸው ብርቱን አስወሰደብን!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደጮኽኩባት የገባኝ ያኔ ነው። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ እኔ ግን ይቅርታን በቃል ስለማላውቅበት ፀጉሯን አበጠርኩላት። ራሷን ዘንበል አድርጋ ተበጠረችልኝ።

ወሩ አልቆ ብርቱ ሄደች። እናቴ በደህና እጇ አንገቷን ይዛ ሳመቻት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጫት እወጣለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታችን ብቅ ብላ ታያታለች። ማታ ስገባ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ፤ «ደህና፣ ተመስገን» ትለኛለች። ጎረቤታችን፣ «ሻይ ይዤላት ስሄድ አልፈልግም እያለች ትመልሰኛለች» ስትለኝ ከትከት ብዬ ሳቅኩ። ኩራቷን አውቀዋለሁ ብዬ፣ የሰው ሻይ እንኳ ዕዳ የሚመስላት ሴት ናት ብዬ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ዝም አለን። ቀጥሎ «ጥቂት ግለሰቦች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያናፍሱት» አለን። የመንታዎቹ እናት ድምፅ በሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ ግን ቋንቋው ተለወጠ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ይመዝገብ፣ ባለሙያ ቤቱ ድረስ መጥቶ በአካል ይመዝነዋል ተባለ። ግሩፑ በደስታ ተናወጠ። ባትሪ ብቻ፣ «ገና ነው! ገና ነው!» ይላል። «ባለሙያዋ ቤታችሁ ገብታ ዓይን ለዓይን እንዴት ነዎት ስትል ተመስገን ደህና ካላችሁ፣ በገዛ አፋችን አለቀልን። ልምምድ እንጀምር!»

ልምምዱን የሰማ ሰው እብድ ቤት የገባ ይመስለዋል። ባትሪ በድምፅ መልእክት ይጠይቃል፣ አዛውንቶቹ ይመልሳሉ፣ እሱ ያርማል። አንዱ «ደህና አይደለሁም» ካለ በኋላ ደንግጦ «አይ፣ ተመስገን ደህና ነኝ፣ እግዜር እንዳይቆጣኝ» ይላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ጡረተኛው ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አሁን ስኳር አንድ እግሩን አስቆርጦታል፤ አብራው የምትኖረው ልጁ ቀን ቀን ሥራ ትውላለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ይላል ባትሪ።

«ተመስገን፣ ደህና…»

«ጋሼ!»

«ይቅርታ፣ ፍሬን አልያዘልኝም።»

እናቴ ይህንን ስትሰማ ሳቀች። ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ በደህና እጇ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «ያ ሹፌር ዛሬስ ያዘለት?» ትለኛለች። ደግሜ ደጋግሜ አሰማታለሁ። የመንታዎቹ እናት ስትናገር አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ባትሪ ሲቆጣ «ኧረ ቀስ በል፣ ትላልቅ ሰዎች እኮ ናቸው» ብላ በሌለበት ትገሥጸዋለች። እሷ ራሷ ትለማመድ እንደሆነ ስጠይቃት ግን መልሷ አንድ ነው፦ «እኔ ቴአትር አልሠራም።»

የእኛ ተራ ደረሰ። ባትሪ ዋዜማውን፣ «ቤት እንዳታጸዱ! አዲስ ልብስ እንዳታለብሱ! እንደምትውሉት ሆናችሁ ጠብቁ! ፈቃድ ጠይቃችሁም ቅረጹት!» ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ ስነሳ እናቴ ነጭ ሸሚዟን ከሣጥን አውጪልኝ ትላለች።

«እማዬ፣ እንደ ወትሮሽ ሁኚ ተብሏል እኮ!»

«እንግዳ እየመጣ?»

«እንግዳ አይደለችም፣ መዛኝ ናት!»

«ቤቴ ከገባች እንግዳ ናት። ያንን ወንበር ጥረጊው።»

ጠረግኩት። እሷ ፊቷን ስታዞር የታጠፈውን ብርድ ልብስ አዝረክርኬ ወንበሩ ላይ ጣልኩት። አየችኝና «እጠፊው» አለች። አጠፍኩት። የራሴን ቤት ለማቆሸሽ የታገልኩበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ እሱንም አልተሳካልኝም።

መዛኟ ወጣት ሴት ናት። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ብዙ ቤት እንደዞረች ያስታውቃል። ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ቤተሰብ ባይመልስላቸው ደስ ይለኛል፣ ደንብ ነው» አለችኝ። መቅረጽ ይቻል እንደሆነ ስጠይቃት፣ «መብታችሁ ነው፣ ፊቴ ብቻ አይታይ» አለች። ስልኬን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ ወደ ጠረጴዛው አዞርኩትና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

ትንፋሼን ያዝኩ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ፀሐዩ አልበረታብሽም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መዛኟ ታብሌቷን ነካ አደረገችና ቀጠለች። ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ? «ይኸው ለብሼ አይደል የተቀመጥኩት?» ይራመዳሉ? «ቀስ እያልኩ።» ምግብስ? «ጥጋብ ነው።» እያንዳንዱ መልስ ላይ የመዛኟ ጣት ታብሌቱን ይነካል። ብርቱን ነው የማስበው። ብርቱ ካልተመለሰች ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ መስኮት አጠገብ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው፣ ያውም ጨዋ እንደሆነች።

«ሻይ ቅጂላት እንጂ፣ ምን ትቀመጫለሽ!» አለችኝ እናቴ።

ቀድቼ አቀረብኩ። መዛኟ ብርጭቆውን ይዛ፣ «ለእርስዎስ? ብቻዬንማ አልጠጣም» አለች።

«ለእኔ ይቅርብኝ። ቀን ቀን አልጠጣም።»

«ሐኪም ከልክሎዎት ነው?»

«የለም።»

«ውሃስ?»

እናቴ የመዛኟን ብርጭቆ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ እስቲ ጎረቤት ሄደሽ ስኳር አምጪ።»

«ስኳር ይኸው አለ እኮ» አልኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሙሉ ዕቃ እያሳየሁ።

«ሌላ አምጪ አልኩሽ።»

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁትና እዚያው ቆምኩ። በራችን ስስ ነው፤ በውስጥ ሰው ቢያስነጥስ በውጭ ይማርህ የሚባልበት ዓይነት ነው።

«ልጄ ስትወጣ መፀዳጃ ቤት የሚወስደኝ የለም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ያ ለዘመድ የሚለሰልሰው አልነበረም። «ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፣ ግን ይህንን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ስለዚህ አልጠጣም። ከጠዋት እስክትመጣ ምንም አልጠጣም። አፌ ሲደርቅ ከንፈሬን አረጥባለሁ። እሱም አንዳንዴ አያዋጣም፤ ያመልጠኛል። ያን ቀን እሷ ሳትደርስ ልብሴን በአንድ እጄ ለመለወጥ ስታገል እውላለሁ። አንዴ ስታገል ወድቄ ወለሉ ላይ ቀረሁ። ጎረቤቴ ስትመጣ መርፌ ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው አልኳት።»

«ታዲያ ያኔ በስልክ ስትጠየቂ ለምን… ይቅርታ፣ ሲጠየቁ ለምን አልተናገሩም?» አለች መዛኟ። አንደበቷ ተሳሰረባት።

«ስልኩ ሲደወል ልጄ አጠገቤ ጫማዋን ታስር ነበር። ያኔም ረዳቴ ከሰዓት ከሄደች በኋላ እስከ ማታ እንደዚሁ ነበርኩ፤ ይህንን ከሰማች ሥራዋን ጥላ ቤት ትቀመጣለች። አውቃታለሁ፣ እሳት ናት። እሷ ሥራ ከተወች ደግሞ ሁለታችንም አለቀልን። ለሕዝቡ ‹እናቴ ደህና ነኝ ያለችው ጨዋ ስለሆነች ነው› ብላ ተናግራለች አሉ። ጨዋነት አይደለም። ለእሷ ብዬ ነው። አንቺ እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ስትደውዪላት እንዴት ነኝ ትልሻለች?»

«ደህና ነኝ ነው የምትለኝ» አለች መዛኟ።

እኔ ከበሩ ወዲህ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ለስንት ሺህ ሰው እናቴን አስረድቼ ነበር። ያ መስኮት ውስጥ ያለው ሰውዬ «ደህና ነኝ ብለዋል» ሲለኝ ተሳልቄበት ነበር። እኔስ? ማታ ማታ እንዴት ዋልሽ እያልኩ ጠይቄ፣ ደህና ስትለኝ አምኜ እራቴን ስበላ አልነበረም? ስሞ የሚያስተኛ መዛኝ ሆኜባታለሁ። ጮኼ ላለማልቀስ መዳፌን ነከስኩ።

መዛኟ ወጥታ በሩ ላይ አገኘችኝ። ባዶ እጄን አየችው።

«ስኳር አላገኘሽም?»

«አላገኘሁም።»

«ረዳታችሁ ሰኞ ትመለሳለች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።» አመስግኜ ሳልጨርስ ቦርሳዋን አንግባ ሄደች፤ ከአጥሩ ማዶ ስልኳን አውጥታ ስትደውል አየኋት።

ፊቴን በውጭው ቧንቧ ታጥቤ ገባሁ። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ናት፣ ነጭ ሸሚዟን እንደለበሰች። «ሰኞ ብርቱ ትመጣለች» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

ስልኬ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ያስታወስኩት ያኔ ነው። አሁንም ይቀርጻል። አነሳሁትና አቆምኩት። ግሩፑ በመልእክት ይንጫጫል፤ ባትሪ «ምን ሆነ? ኧረ ተናገሪ!» ይላል። ቅጂውን ለማጥፋት ጣቴን አሳረፍኩ። እሷ በር ዘግታ ለአንድ ሰው የተናገረችውን ለሕዝብ የማወጣው ምን ብዬ ነው? አንዴ ገመናዋን አስጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።

«አታጥፊው» አለች እናቴ።

ቀና አልኩ።

«ስልክሽ እዚያ እንደነበረ አይቻለሁ። እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አልታመመም። ለእነዚያ ሰዎች ላኪላቸው።»

«ለማን?»

«ለእነ ባትሪ ነዋ። ነገ የሹፌሩ ተራ ነው አላልሽኝም? ያ ሰውዬ ደህና ነኝ የሚለው አፉ ስላልታዘዘው አይምሰላችሁ። እሱም ልጅ አለችው፤ ልጁም ሥራ ነው የምትውለው። ይስማው። ሌሎቹም ይስሙት። እኛስ ብርቱ ተመልሳልናለች፤ እነሱስ?»

«እማዬ፣ ገመናዬ ስትዪ አልነበር?»

«የእኔ ብቻ ሲመስለኝ ነበር ገመና የነበረው።» ሸሚዟን በደህና እጇ አስተካከለች። «አንቺ ግን እንዳትሰሚው።»

«ለምን?»

«የሽማግሌ ወሬ ነው። እንዳትሰሚው አልኩሽ።»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ ስልኩን አየሁ። «እሺ፣ አልሰማውም» አልኳት።

እሷ እያየችኝ ላክሁት። ከሥሩም «እናቴ ፈቅዳለች» ብዬ ጻፍኩ። ሲንጫጫ የነበረው ግሩፕ ጸጥ አለ፤ ሁሉም እየሰሙ ነበር። ከዚያ ለአሠሪዬ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኳት። ደንበኞቼን ቆጥራ ስትጮህብኝ ዘጋሁባት።

«ዛሬ ሥራ አትሄጂም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ደንበኛ የለም ተባልኩ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እስከ ማታ እዚሁ ነሽ?»

«እስከ ማታ።»

«እንግዲያውስ ለእኔም ሻይ ቅጂልኝ» አለችኝ፤ «በትልቁ ብርጭቆ።»